የእማዬ ሳል

ያረፍንበትን የካምፕ ክፍል ድንኳን ይሉታል እንጂ ድንኳን አይደለም። ወለሉ የተወለወለ ሳንቃ ነው፣ አልጋው ቤተሰብ ያስተኛል፣ ገንዳው ውስጥ ተጋድሞ ሐይቁን ማየት ይቻላል። ከተማ ባለው ቤታችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እዚህ ሰው በሌለበት ጫካ ሙቅ ውሃ እንደ ጉድ ይፈሳል። "ይኼ ሁሉ ዝንጀሮ ለማየት?" ብል እማዬ ተቆጣች።

"ዝንጀሮ ጭራ አለው። ይኼ ቺምፓንዚ ነው።"

እማዬ ጡረታ እስክትወጣ ባዮሎጂ አስተምራለች፤ ቺምፓንዚን ያስተማረችው ግን አፍንጫው በተቀደደ የግድግዳ ሥዕል ነው። "ሳልሞት አንዴ በዓይኔ ባየው" ትል ነበር። አሁን ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሟ ከዚህ በኋላ ጉዞ የለም ብሏታል። ስለዚህ ያለቻት ይህች አንዷ ጉዞ ናት። ያመጣን ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ ነው። ውለታውን እንዳልክድ፣ ራሱም በየምግቡ ላይ ያስታውሰናል።

ካምፑ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የታመመ ሰው ቺምፓንዚዎቹ ዘንድ አይሄድም። ለእኛ ተራ ጉንፋን የሆነው እነሱን ይጨርሳቸዋል። መንገድ መሪው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ቀጭን ሰው፣ ቁርስ ላይ በየጠረጴዛው እየዞረ "ያመመው አለ?" ይላል። የነገሩትን ያምናል፤ ሌላ መመርመሪያ የለውም።

እማዬ ታስላለች። የሷ ሳል ግን የልብ ነው፣ ወደ ማንም አይተላለፍም፤ ከመልመዳችን የተነሳ የቤታችን አባል ሆኗል። የታመመው ወንድም ጋሼ ነው። በመጣን ምሽት አፍንጫው ቀልቶ ወደ እኛ ድንኳን ገባና "እማዬ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ" አላት። ግንባሩን ዳሰሰችው።

"ትኩሳት አለህ። ነገ አትሄድም።"

"እሺ እማዬ" አለ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ጠዋት መንገድ መሪው ጠይቆ ሳይጨርስ ወንድም ጋሼ ቀደመ። "እናቴ ታስላለች፤ እሷ ትቅር። እንስሶቹ ላይ አደጋ እንዳይደርስ።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ እንዲህ ዳቦ ላይ ማር እየቀቡ ይደረጋል ብዬ አላሰብኩም። ለምን እንዳደረገው አልጠፋኝም። እሷ ካለች ጉዞው በሷ እግር ነው፤ ዳገቱ ላይ በየደቂቃው መቆም ሊመጣ ነው። ደግሞም አንድ የሚያስል ከተገኘ ሌላ የሚፈልግ የለም። አፌን ልከፍት ስል እማዬ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

"እውነቱን ነው፣ አስላለሁ" አለች።

መንገድ መሪውን ተከትዬ ሳሏ የልብ መሆኑን ነገርኩት። የወንድሜን ግን ዋጥኩት፤ ያ ቁንጥጫ ትእዛዝ ነበር። "የካምፑን ሐኪም እጠይቃለሁ" ብሎኝ ወንድም ጋሼንና ሌሎቹን እንግዶች ይዞ ሄደ።

እኔና እማዬ በረንዳው ላይ ቀረን። ከጫካው ጩኸታቸው ይሰማል። "የበሰለ ፍሬ አግኝተው ነው፣ እየተጠራሩ ነው" አለችኝ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"በሰው ፊት ላዋርደው? ልጄ አይደል? እነሱ ዘንድ የሚቀርብ ሁሉ ማስክ ያደርጋል፤ እሱም ያደርጋል።"

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?"

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ እኔ የተሳልኩበት በኩል ብዙም አይታያትም።

ወንድም ጋሼ ከሰዓት በፊት ተመለሰ፣ ፊቱ በደስታ ፈክቶ። ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። ፎቶው ላይ እሱ ይስቃል፤ ከኋላው፣ በጣም ቅርብ፣ አንዲት ቺምፓንዚ ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች። ማስኩ አገጩ ሥር ወርዷል።

"ለፎቶው ያህል ነው" አለ። "አንዴ ብቻ ነው ያስነጠሰኝ፤ ትንሿ እንዴት እንደደነገጠች ብታዪ!"

እማዬ ስልኩን ረጅም ሰዓት አየችው። ቺምፓንዚዋን አይታ እየጠገበች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን ወንበሩ ላይ ትታ ተነሳች፤ ደግፌያት ወደ መንገድ መሪው ክፍል ሄድን።

"ልጄ ትኩሳት ነበረው" አለችው። "በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ። እዚያም ማስኩን አውልቆ አስነጥሷል። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሰውዬው ያነሳውን ኩባያ መልሶ አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር።

"እናቴ፣ ሐኪሙን ጠይቄልዎት ነበር። የልብ ሳል አይከለክልም ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ ቺምፓንዚዎቹ ውሃ ሊጠጡ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፤ በጀልባ ወስጄ ላሳይዎት ነበር። ጀልባዋም ተዘጋጅታለች።"

"ታዲያ እንሂዳ!" አልኩ።

"አሁን ማንም አይቀርባቸውም፣ በጀልባም ቢሆን። የሕፃኗ ነገር እስኪለይ እንኳን እንግዳ፣ እኔም አልጠጋቸውም።"

"ነገ ወደ ቤታችን ልንሄድ ነው! እሷ ምን አጠፋች?" ብዬ ጮህኩበት። በሱ ላይ መጮህ እንደሌለብኝ እያወቅኩ ጮህኩበት።

"ተይው" አለችኝ እማዬ። የበሩን መቃን ይዛ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅናት። "ልጄን ከሀፍረት ላድን ብዬ የሌላዋን እናት ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ። መንገዱ ይዘጋ። በኔም ላይ ይዘጋ።"