ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ ሁለት

«ሠላሳ አምስት ላይ ቆሟል» አለች የሟቹ ሻለቃ ልጅ፣ የአባቷን ደብተር ለኮሎኔሉ እያሳየች። «ሰባት ሰው ይቀራል።»

ኮሎኔሉ ሻያቸውን ሳይነኩት አስቀመጡና መነጽራቸውን አወጡ። ሐዘኑ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የጦር አካዳሚው ምረቃ ከነገ ወዲያ ነው።

ሟቹ ሻለቃ በአካዳሚው ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ንባብ አስተምረዋል። በምረቃው ቀን ንግግር የሚያደርጉት ሌሎች ነበሩ። የእሳቸው ስንብት በዋዜማው ነው። እጩ መኮንኖቹ በየአልጋቸው ጎን ይቆማሉ፤ ሻለቃው በመካከል እያለፉ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይነግሩታል። ያቺ አንዲት ቃል ግን ሁለት ዓመት ሲታይ ከከረመ ሰው የተገኘች ናት። ተማሪዎቹ በሌሉበት «ራዳር» ይሏቸው የነበረው ለዚህ ነው።

ኮሎኔሉ ገጹን ገለጡ። «ቁጥር አራት፦ ሲደክምህ ቀልድ ታበዛለህ። ወታደሮችህ ሳያውቁብህ አንተ እወቀው።» «ቁጥር ዘጠኝ፦ አላውቅም ለማለት አትፈሪም። ማዕረግ ሲጨመርልሽም አትፍሪ።»

«ሠላሳ አምስቱን እኔ አነብላቸዋለሁ» አሉ። «ለሰባቱ ግን ከኪሴ ቃል ባወጣ ያውቁብኛል። ሁለት ዓመት የጠበቁት ይህንን ነው። ባዶ እጃቸውን ሊሄዱ ነው ማለት ነው።»

ልጅቱ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የኖረች ናት። ያላየችውን አትጽፍም። ጥቂት አሰበችና «ነገ ሰባቱን ይላኩልኝ» አለች።

«ለምን?»

«ወንበር የሚያነሳ ሰው ያስፈልገናል።»

በማግስቱ ጠዋት ሰባቱ ደረታቸው ላይ ቁጥር ያለበት ጃኬት ለብሰው መጡ። ውኃ ቀዱ፣ ብርጭቆ አጠቡ፣ አግዳሚ ወንበር ለሁለት እየያዙ ደረደሩ። እሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች።

«አንዲት እንባ እኮ አላወጣችም» አለች አንዷ ሐዘንተኛ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ።

«ማን መጣ ማን ቀረ እያለች እየመዘገበች ነው መሰለኝ። እኛ በሦስት ሰዓት መምጣታችንን ጽፋው ይሆን?»

እናትየው ሰምተው መጡ። «ሰው ምን ይላል? አባትሽ ሞቶ አንቺ ጥናት ላይ ነሽ።»

«ሥራውን ነው የምጨርስለት እማዬ።»

«እሱም እንዳንቺ ነበር። ለሰው ልጅ ቃል ሲመርጥ የኔ እራት ድንጋይ ይሆናል።» ይህን ብለው ወንበሯን ወደ ብርሃኑ ገፋ አደረጉላት።

እውነታቸውን ነው። በልጅነቷ እራት ላይ የሚወራው ስለ ተማሪዎቹ ነበር። ቁጥር አሥራ ሁለት ዛሬ ወንዙን በካርታው ላይ አጣው፤ ቁጥር ሠላሳ አገኘችለትና አፈረ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ትሰማለች፤ እኔስ ስንት ቁጥር ነኝ ብላ ትጠይቃለች። አባቷ ይስቁና እንጀራዋን እንድትጨርስ ያዟታል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተዋታል። ዛሬስ የኔ ተራ ነው ብላ ጠበቀች። እሳቸው የሻንጣዋን ማሰሪያ ፈትሸው፣ አጥብቀው፣ «በይ ግቢ፣ መስኮት ያለውን ያዢ» አሉና ሄዱ። አውቶቡሱ እስኪወጣ ድረስ አንድ ነገር ረስተው የሚመለሱ መስሏት ነበር።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሰባቱ ግቢው ውስጥ ከአጥሩ ጎን ተሰለፉ። ልጅቱ ደብተሩን ይዛ ከመጀመሪያው ፊት ቆመች።

«ቁጥር ሠላሳ ስድስት። ሁልጊዜ የምትይዘው ከባዱን ጫፍ ነው። ለሌላውም ዕድል ስጠው።»

ልጁ አንገቱን አቀረቀረ። ከጎኑ ያለው ሳቁን ለመዋጥ ጉንጩን ነፋ።

«ምነው?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ። ብርጭቆ ስናጥብ ጃኬቶቹን አውልቀን አጥሩ ላይ ሰቅለናቸው ነበር። ስንለብስ ያገኘነውን አጠለቅን። የኔን ለብሶ የዋለው ይሄ አጠገቤ ያለው ነው። አሁን ለሰልፉ ነው መልሰን የተቀያየርነው።»

«አንተስ የትኛውን ጫፍ ያዝክ?»

«እኔማ ቀላሉን ነው» አለ ልጁ።

ከበሩ ላይ ሳቅ ተሰማ። እናትየው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

ልጅቱ ደብተሩን አየችና ከደነችው። ስትጽፍ የዋለችው ቁጥር እያየች ነው። አባቷ እንዲህ ዓይነት ስሕተት አይሠሩም ነበር። ቀና ብላ ፊት ለፊት አየቻቸው፤ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል።

«አንተ» አለች ረጅሙን። «ጆሮ ለከዳቸው አጎቴ ያንኑ መልስ ሦስት ጊዜ መለስክላቸው። በሦስተኛውም ድምፅህ አልተቆጣም። አዛዥ ስትሆንም እንደዚሁ ሁን።»

«አንቺ ብርጭቆ ሰበርሽ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ እኔ ነኝ አልሽ። የምትጽፊው ሪፖርት ይታመናል።»

«አንተ ደግሞ ቀላሉን ጫፍ መያዝህን ራስህ ነገርከን። ነገ ከባዱን ያዝ።»

ሰባቱም እስኪያልቁ ሄደች። ብርጭቆ የሰበረችው፣ አርባ ሁለተኛዋ፣ ፈራ ተባ እያለች «ለእርስዎስ ሻለቃው ምን አሉዎት?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ከናንተ መሃል አልነበርኩም።»

አርባ ሁለተኛዋ ጓደኞቿን አየቻቸው። ረጅሙ አንገቱን ነቀነቀላት።

«እኛም ሁለት ዓመት ስናያቸው ነበር» አለች። «ርቀት ለክተን ስንሳሳት ‹ልጄ ሁለቴ ሳትለካ አትጽፍም› ይሉናል። እውነቱን ለመናገር አስጠልተውን ነበር እርስዎን። ግን ስለ እርስዎ ሲያወሩ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው። አንድም ቀን ወደኛ ዞረው አላወሩም። ለምን እንደሆነ ስንከራከር ከረምን፣ በኋላ ገባን፤ ስስታቸውን ፊታቸው ላይ እንዳናይባቸው ነበር።»

ልጅቱ ወታደራዊ ሰልፍ ቆማ አታውቅም፤ አባቷም አስተምረዋት አያውቁም። እጆቿን እንደ ሰባቱ በጎንና በጎኗ አወረደች፤ ከዚያ የግራ እግሯን ቀስ ብላ ሳበችና ተረከዟን ከተረከዟ ገጠመች።