ወደ ኮምቦልቻ የወረደው ምርቃት

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ፒያሳ ከነሱቁ ከነባጃጁ ይሰወራል። በዚያ ከሰዓት ኢስራ በመስኮቱ የሚታያት ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ትዋልላለች። ከጎኗ አሮጌው ሰርቨር ያጉረመርማል። ሆዱ ውስጥ የስንት እናትና አባት ድምፅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ ውስጥ ልጅ ሳይመረቅ ከቤት አይወጣም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባውን ግን ማን ይመርቀዋል? የኢስራ አለቃ ጋሽ መሕሙድ ይህን አስበው የምርቃት ስልክ ከፈቱ። ሠራተኛው ፈረቃ ከመግባቱ በፊት ይደውላል፤ ሰርቨሩ የልጁን ስልክ ቁጥር እንደ ቁልፍ ተጠቅሞ፣ በዚያ ቁልፍ የተቀመጠውን የወላጅ ድምፅ አውጥቶ ያሰማዋል። ዓመት ሲሞላው ድምፁ በራሱ ይጠፋል። ጋሽ መሕሙድ ሆን ብለው ነው። "አገሩ ገብቶ እንደገና ይመረቅ እንጂ፤ ስልክ እየሰማ እናቱን ይርሳ እንዴ?" ይላሉ።

ዛሬ ድምፁ ሁሉ ኮምቦልቻ ወዳለው አዲስ ሰርቨር እየተገለበጠ ነው፤ እያንዳንዱ ከነቁልፉ፣ ከነቀሪ ዕድሜው። ሲያበቃ አሮጌው ይጠፋል፣ ውስጡ ያለውም ይደመሰሳል። ኢስራ ዓይኗን ስትከድን እነዚያ ሁሉ ወላጆች ነጠላና ሻርፕ ለብሰው፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ተሰልፈው ጉሙን እየገፉ ሲወርዱ ይታያታል።

በሩ ተንኳኳ። የገባችው ሸዋረጋ የምትባል የኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ፀጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ ቀርቷል። ስልኳን ዘረጋችላት። "ምርቃትዎ ዛሬ ያበቃል፤ ወላጅዎ ያድሱልዎ" ይላል መልእክቱ።

"እናቴ ክረምት ላይ አረፈች" አለች ሸዋረጋ። "ሌላ ድምጧ የለኝም፣ እታለም።"

ኢስራ ወደ ኪቦርዱ ዞረች። አሮጌው ሰርቨር ላይ ድምፁን ፈልጋ የዓመቱን ገደብ አነሳችለት። "አይዞሽ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም" አለቻት። ግልበጣው ሲያልቅ ልጅቱን ደስ ይበላት ብላ፣ ምርቃቱን ከኮምቦልቻው ሰርቨር ከፈተችላት።

"ልጄ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያርግልሽ..."

ሁለቱም መዳፋቸውን ዘረጉ። ኢስራ ስክሪኑን ያየችው ያኔ ነው፤ ክው አለች። ድምፁ የተገለበጠው ገደቡን ከማንሳቷ በፊት ኖሯል፤ አዲሱ ላይ ቀሪ ዕድሜው እየተንጠፈጠፈ ነው፤ ገደብ የሌለበት አሮጌው ላይ ያለው ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት ጋሽ መሕሙድ ገቡና እጃቸውን ወደ አሮጌው ሰርቨር ማጥፊያ ሰደዱ።

ኢስራ ልትጮህ አሰበች። ግን ምርቃት አይቋረጥም፤ ለምርቃት የተዘረጋ እጅም ሳይባረክ አይታጠፍም። እንዲህ ሆና ነው ያደገችው። መዳፏ እንደተዘረጋ፣ ምላሷ እንደተሳሰረ ቀረች። በልቧ ራሷን ረገመች።

ጋሽ መሕሙድ ድምፁን ሰሙ። ማጥፊያውን ትተው እሳቸውም ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"...ማርያም ትከተልሽ። ከማሽን ጥርስ ትሰውርሽ። ዕድሜሽን ታርዝመው። በወጣሽበት እግርሽ ተመለሺ።"

ሸዋረጋ አሜን አለች፤ ሁለቱ አሚን።

ኢስራ ድምፁን ከኮምቦልቻው እንደገና ልትከፍተው ሞከረች። ዓመቱ ሞልቷል፤ አዲሱ ሰርቨር የለም አላት። ሸዋረጋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

"ጋሼ፣ አሮጌውን አይንኩት" አለች ኢስራ፤ የሆነውን እየነገረቻቸው ከአሮጌው ላይ ድምፁን ዳግም ገለበጠችው፤ አሁን ገደብ የለበትም። ከኮምቦልቻ ስትከፍተው እናትየው "ልጄ" አለች።

ጋሽ መሕሙድ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ወላሂ፣ እናት ሁሌ እዚያው ቁጭ ብላ የምትጠብቅ መስሎኝ ነው" አሉ። "የሁሉንም ገደብ አንሺው፣ ልጄ። አሮጌውን ማሽን ነገ እናጠፋዋለን።"

ሸዋረጋ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣች፤ ጉሙ ወዲያው ዋጣት። ኢስራ ገደቡን ስታነሳ አመሸች። አንዴ ዓይኗን ስትከድን፣ ሐረጎ ላይ አንዲት እናት ከሰልፉ ወጥታ፣ ልጇ የተሳፈረችበትን ሚኒባስ ቆማ ስትጠብቅ ታየቻት።