ፊርማ የሌላቸው በሮች

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፤ ስም አይጻፍ ሲባል እጄን ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልለመነኝም። እንዲያውም ያንገራገረችውን ሴትዮ አፏን ያስያዝኳት እኔው ነኝ። እንግዲህ አሁን ማንን ልውቀስ?

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ከአንዱ ጫፍ ሲጠሩ ከሌላው ጫፍ "አቤት" በሚባልባት በዚህች ሚጢጢ ከተማ፣ ከልብስ ሰፊው እስከ ጥርስ ነቃዩ፣ በራፍ ላይ የተሰቀለ ጽሑፍ ካያችሁ የእኔ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ትልቁም ትንሹም "እትዬ ታፔላ" ይለኛል። ይበል፣ ግድ የለኝም። በየታፔላው ቀኝ ግርጌ ላይ ግን ምስር በሚያካክሉ ፊደላት ስሜን እጽፍ ነበር። ባለሱቁ "ይቺ ደግሞ ምንድናት?" ሲለኝ፣ "የእኔ ድርሻ ናት፤ እንዳትነካት" እለዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜን ብሩሽ ያስጨበጥኩትም እኔ ነኝ። አምስት ዓመቱ ነበር። አሮጌ የታፔላ ቆርቆሮ ገልብጬ፣ ትንሿን እጁን በእጄ ይዤ መጀመሪያ ያስጻፍኩት የራሱን ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ የእማዬ ትራስ ሳይቀር ስሙ ተጻፈበት። አደገ፤ ትልቁ ከተማ ሄዶ ሥዕል ተማረ፤ ጢሙን አስረዘመ፤ ሠላሳ አምስት አለፈው። እኛ ቤት ግን እስከዛሬ ማሙሽ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ማሙሽ አንድ ሻንጣና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ እዚያ ሠዓሊ በሠዓሊ ላይ ተደራርቦ መተንፈሻ የለም። እዚህ ያ የድሮ የእህል መጋዘን ባዶውን ቆሟል። ለምን የጥበብ ቤት አናደርገውም? እጅ ያለው ሁሉ አንድ ጣራ ሥር፤ እየተያየን፣ እየተማማርን።"

"አይጥ ብቻ ነው ያለበት" አልኩት።

"አይጦቹንም እናስተምራቸዋለን" አለኝ። ማሙሽ እንዲህ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል።

ሁለት ወር ሙሉ ጠረግን፣ ፋቅን፣ ቀባን። አናጢው ጋሼ፣ ጆሯቸው የከበደ እጃቸው ግን ያልከበደ የእማዬ እኩያ፣ የበሰበሰውን ማገር ቀየሩልን። ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ተሸክማ መጥታ የውሃውን ጥግ ያዘች። እኔ መስኮቱ ሥር ተደላደልኩ። ማሙሽ መሀሉን ያዘ። ምነው ያኔ ልብ ብዬ በነበር!

ጠረጋው ያለቀ ዕለት ጣውላ ላይ ተደርድረን ሻይ ስንጠጣ፣ ማሙሽ ተነስቶ ቆመ። "አንድ ደንብ ይኑረን" አለ። "ከዚህ ቤት በሚወጣ ሥራ ላይ ማንም የራሱን ስም አይጻፍ። ሠዓሊን ከሠዓሊ የሚያባላው ስም ነው፤ እኔ ሳየው ኖሬአለሁ። ሁላችንም በአንድ የቤት ማህተም እንፈርም።"

እኔ እጄን ሽቅብ! ወንድሜ ሲናገር ደስ ሲለኝ ለጉድ ነው። አናጢው ጋሼም ነገሩ በጩኸት ከተነገራቸው በኋላ እሺ አሉና፣ አውራ ጣት የምታህል የመጋዘኑን ምስል እንጨት ላይ ቀርጸው ማህተም አደረጉልን። ሸክላ ሠሪዋ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"እኔ አይሆንልኝም። እናቴ በየማሰሮው አንገት ላይ በጥፍሯ ሦስቴ ጫር ታደርግ ነበር። እኔም አደርጋለሁ። የእኔ ስም አይደለም፤ የእሷ ነው።"

"አንቺ ሴት!" አልኳት። "እኔ የሠላሳ ዓመት ፊርማዬን ስተው፣ አንቺ ሦስት ጭረት መተው ያቅትሻል? ወይስ ካንቺ በቀር እናት ያለው የለም?"

በማግሥቱ ጠዋት ገና ያልደረቀ ማሰሮዋ ላይ ጭረቶቹን አየሁ። ሰው ሁሉ እያየ አውራ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ደመሰስኳቸው። ትክ ብላ አየችኝና ማሰሮዋን ወደ ራሷ ሳበች። እኔም አሳመንኳት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ ጥጌ ተመለስኩ። ወይ አለማፈር!

ያን ሰሞን የከተማው ሰው የእንጨት በሩን እየነቀለ የብረት በር ያስገባ ነበር። የተነቀለው ለማገዶ ይሄዳል። አንድ ቀን የአዋላጇን በር እንጨት ክምር ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። እጀታው አጠገብ ያለው እንጨት በእጅ ብዛት አልቆ እንደ ሳሙና ሰርጉዷል። ስንቴ በጥድፊያ ቢከፈት ነው እንዲህ የሆነው? አንጀቴን በላው። ለምኜ ወሰድኩትና እዚያው በሩ ላይ ራሷን አዋላጇን በቁመቷ ልክ ሣልኳት፤ ቦርሳዋን አንግታ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ስትፈልግ። ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ሰውየውን ራሱን ሥዬ አላውቅም ነበር። አዋላጇ መጥታ አየችውና "ይቺን ሴት የት ነው የማውቃት?" ብላ ሳቀች፤ ሳትጨርሰው አለቀሰች።

ከዚያ የልብስ ሰፊው በር መጣ፣ ከዚያ የጡረተኛው አስተማሪ። ሰዎች በራሳቸው ትከሻ እየተሸከሙ ያመጡልኝ ጀመር። በሁለት ዓመት ዘጠኝ በር ሠራሁ። እያንዳንዱ ስር የቤቱን ማህተም እንጂ ስሜን አላሳረፍኩም። እጄ በልማድ ወደ ቀኝ ግርጌ ሲሄድብኝ "አርፈህ ተቀመጥ" እለዋለሁ።

ማሙሽ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። "ይሄን ማን አስተማረሽ?" አለኝ አንዴ። "ማንም" አልኩት። እሱ መሀል ላይ የወጠረው ሸራ ግን ነጭ እንደሆነ ከረመ።

ዘጠነኛው የእማዬ የመኝታ ቤት በር ነበር። በጠርዙ ላይ የእኔና የማሙሽ ቁመት በየዓመቱ በቢላ ተጭሯል፤ የእኔ በግራ፣ የሱ በቀኝ። እማዬን ከጀርባዋ ሣልኳት። ልጅ ሳለን ሥራ ስትሮጥ የምናውቃት በጀርባዋ ነዋ! ጭረቶቹን አንድ ጠብታ ቀለም አላስነካኋቸውም።

በሮቹ ዘጠኝ ሲሞሉ ማሙሽ የምሥራች ይዞ መጣ፤ ትልቁ ከተማ ያለ አዳራሽ ሊያሳይልን ነው። "የቤታችን ስም ይወጣል እትዬ። ሰው ወደዚህ ይጎርፋል።" በሮቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሸኛቸው። አዋላጇ የራሷን ምስል ጉንጯን ስማ "በደህና ግቢ" አለቻት።

"የአዳራሹን ታፔላ መቼ ልጻፍ?" አልኩት ማሙሽን።

"እዚያ በማሽን ይታተማል። አትድከሚ።"

በማሽን! የእኔን በሮች! ደሜ ፈላ። መክፈቻው ዕለት ጥሩ ጫማዬን አድርጌ፣ ብሩሽና የቀለም ጣሳዬን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ጉብ አልኩ። ደርሼ ላስደንቀው፣ ማሽኑንም አሳፍሬው ልመለስ።

ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ ግድግዳው ነጭ የሆነ አዳራሽ ነው። በሮቼ ተደርድረው ቆመዋል። እማዬን ከሩቅ አየኋትና ሆዴ ደስ አለው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አየሁ። የሙያ ነገር ሆኖ ከትርጉሙ በፊት ፊደሉን ነው የማየው፤ "ክፍተቱ አልተስተካከለም" ስል ራሴን ሰማሁት። ከዚያ ነው ያነበብኩት። የማሙሽ ስም፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ከሥሩ "ዘጠኝ በሮች"። ቤታችን የለም። እኔ የለሁም።

የእማዬ በር ሥር ቁጢጥ አልኩ። ማህተሙ ያለበት ቦታ ቡናማ ተቀብቷል። የእኔ ቡናማ አይደለም፤ የእኔ ጥቁር ይጫነዋል፣ ይሄ ቀላ ይላል። ከላዩ ላይ ፊርማ አለ፤ እጁን ይዤ ያስተማርኩት ያው አጻጻፍ፣ ጅራቱን ወደ ላይ ቆልመም የሚያደርጋት ሳትቀር። አጠገቡ ካርድ ተለጥፏል፦ "እናቴ"።

እናቱ አይደለችም አልልም፤ እናቱ ናት። ብሩሹ ግን የእኔ ነበር!

"እትዬ!" አለ ማሙሽ። ሰው ከቦታል። ዓይኑ ለአፍታ ተርበተበተና መልሶ ረጋ። ትከሻዬን አቀፈኝ። "ታላቅ እህቴ ናት። እዚያ ታፔላ ትጽፋለች። ቀለም በማዘጋጀት ብዙ አግዛኛለች።"

አንዷ እንግዳ እጄን ጨብጣ "ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ወንድም!" አለችኝ። እኔ ጣሳዬን እንዳቀፍኩ ማሙሽን ክንዱን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኩት።

"ምን አድርጌህ ነው?"

"ስም የሌለው ሥራ አንቀበልም አሉ። አንድ ስም ፈለጉ። ለቤቱ ብዬ ነው።"

"ለቤቱ ከሆነ የቤቱን ማህተም ለምን ቀባኸው?"

አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን ወንድሜ አልነበረም። "ስም አያስፈልግም ብለሽ ቀድመሽ እጅሽን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም?" አለኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ እስክገባ ድረስ አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንዳየኝ አላውቅም።

ስደርስ አዋላጇና ልብስ ሰፊው መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኛል። "በሮቻችን እንዴት ሆኑ?" "አምረዋል" ብዬ ሸሸሁ። በቀጥታ ሸክላ ሠሪዋ ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። "ነግሬሽ ነበር" ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ተነስታ አንድ ማሰሮ አመጣች። ጣቴን ይዛ ወደ ውስጥ፣ ከከንፈሩ ሥር ዓይን ከማያየው ቦታ አስገባችው። ሦስት ጭረት።

"አንዱም ማሰሮዬ ያለዚህ አልወጣም" አለችኝ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ስታታልይን ነበር?"

"አዎ። አውራ ጣትሽን ያሳረፍሽ ዕለት ነው የወሰንኩት።"

ልናደድ ፈለግኩ፤ በምን ፊቴ? "ይቅር በይኝ እህቴ" አልኳት። "ሻይሽ ይቀዘቅዛል፣ ጠጪ" አለችኝ።

በማግሥቱ ባለበሮቹን ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ሰብስቤ እውነቱን ተናገርኩ። አናጢው ጋሼ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ የሰሙ ጊዜ ማህተሙን አንስተው ለሁለት ሰነጠቁት። "ቤቱ ይዘጋ" ያለ ነበር። "አይዘጋም" አልኩ። "ደንቡ ነው የሚዘጋው። ከዛሬ ጀምሮ የሠራ ስሙን ይጻፍ፤ በሩን የሰጠም ስሙ ይጻፍለት።"

ትልቅ ሰሌዳ አዘጋጅቼ ከመጋዘኑ መግቢያ በላይ ሰቀልኩና መሰላል ላይ ወጣሁ። አናጢው ጋሼን ጻፍኩ። ሸክላ ሠሪዋን ከነሦስት ጭረቷ ጻፍኩ። ዘጠኙን ባለበሮች፣ ከዚያ ራሴን፣ በጉልህ ፊደል። ከእኔ ስም አጠገብ ግን ክፍት ቦታ ተውኩ።

ማሙሽ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። የአዳራሹ ሰዎች ሌላ ስድስት በር ፈልገዋል፤ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፤ እማዬ ከአጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰሌዳውን አነበበ።

"የኔስ?"

"ያውልህ ቦታህ" አልኩት። "የስምህን ልክ አውቀዋለሁ፤ ጣት አይተርፈውም፣ ጣት አይጎድለውም።" ወርጄ ቀለም የጠጣ ብሩሽ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "መጀመሪያ የእማዬን በር መልስ። የቀባኸውን ፍቀህ ማህተሙን አውጣ። ከዚያ ወጥተህ ስምህን ራስህ ጻፍ። እኔ ምንም አልልህም፤ ወንድሜ ነህ።"

ብሩሹን ይዞ ቆመ። ቀለሙ ጫማው ላይ ጠብ አለ።

"በሩ እኮ የለም እትዬ። የውጭ አገር ሰዎች ገዝተው በአውሮፕላን ወስደውታል። ባሕር ተሻግሯል።"

እማዬ ቀና አለች። "ጭረቶቹስ?" አለችው። "ቁመታችሁስ?"

ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ አጋድሞ ወደ መኪናው ሄደ።

እማዬ ወደ ሰሌዳው ዞረች። "ያቺን ክፍት ቦታ አትሞያትም?" አለችኝ።

"ቀለም አልቆብኛል፣ እማዬ።"

እስከ አፉ የሞላውን ጣሳ አየች፣ እኔን አየች። እኔም ብሩሹን አንስቼ ላጥበው ሄድኩ። ብሩሽ ሳይታጠብ ጥሎ መሄድ እኔ አላስተማርኩትም።