የአማት አቤቱታ

ጤና ጣቢያው ውስጥ የልብስ ሰፊዋ አማት ከነርሷ ፊት ያለውን ብቸኛ ወንበር ማንም ሳይጋብዛቸው ያዙት። ልጃቸው ከኋላቸው ቆመ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱን ሙሉ የቆመውም እዚያው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በሩ ጥግ ቀረች። ታማሚዋ እሷ፣ ወንበሩን የያዙት ግን ከሳሿ።

“እኔ ልንገርሽ፣ ልጄ” አሉ አማቷ ለነርሷ። “ይቺ ልጅ በድን ናት። ልጄ አጠገቧ ሲሆን ጣራ ጣራውን ነው የምታየው። ሁለት ዓመት ታገሥን። እንግዲህ ወይ መድኃኒት ስጫት፣ ወይ ወደ እናቷ እንመልሳት።”

“ታገሥን” ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ሆነው ነው ሲተኙ የኖሩት!

ነርሷ ወደ እሷ ዞረች። “አንቺስ ምን ትያለሽ? ያምሻል?”

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። “አይ፣ ሕመም እንኳ የለባትም…”

“አንተን አልጠየቅኩም።”

ጥርሷን ነክሳ ሕመሙን ስትችለው፣ ባሏም ጀርባውን ሰጥቷት ሲያንኮራፋ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ የጠየቃት ሰው አልነበረም። “ያመኛል፤ በጣም” አለች። “ደስታ የሚሉትንማ በወሬ ነው የማውቀው።”

“በልጅነትሽ ተገርዘሻል?”

አማቷ መልሱን ከአፏ ነጠቋት። “እንዴታ! አጣርቼ እኮ ነው ያመጣኋት! ያልተገረዘች እኔ ቤት አትገባም ብዬ እናቷን ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።”

እንዲህ ያሉ ደንበኞች ሱቋም ይመጡባታል፤ ሱሪውን ራሳቸው አስቆርጠው ሲያበቁ አጠረብን ብለው የሚደነፉ። እነዚያን እንኳ በሳቅ ትሸኛቸዋለች። እነዚህን ግን ከልቧ ናቀቻቸው፤ ባሏን ደግሞ ከእናቱ አብልጣ።

ነርሷ ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። ደስታ የሚሰማበት የሰውነቷ ክፍል ተቆርጧል፤ ጠባሳው ያማል፤ ሕመም የሚጠብቅ ገላ ደግሞ ራሱን ይዘጋል። “የሚረዳት ሕክምና አለ፤ ግን ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ማንም አያስገድዳትም።”

“ለመሆኑ ሴት ልጅ ደስታ ምን ያደርግላታል?” አሉ አማቷ።

“ታዲያ በምን ከሰሷት? እርስዎስ፣ እማማ፣ ደስ ብሎዎት ያውቃል?”

አሮጊቷ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አደረጉ። “እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል” አሉ በቀስታ።

ልብስ ሰፊዋ ለአፍታ አዘነችላቸው። ወዲያው ግን ሴትዮዋ የራሳቸውን ስቃይ ምራት መምረጫ ማድረጋቸው ትዝ አላትና አንጀቷ መልሶ ጨከነ።

“ሐሙስ ሁለታችሁም ኑ” አለች ነርሷ ካርድ እያወጣች። “የባልና ሚስት ምክር አለን።”

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ዓይን ዓይኑን አየችው። “ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ጋ ነኝ። ሐሙስ እዚህ እንገናኝ። ግን ብቻህን ና።”

ባልየው የእናቱ ትከሻ ላይ እጁን አሳርፎ ወደ ታች ተመለከተ።

“እማዬስ?” አለ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ነርሷ ተመለሰች። “ቀጠሮውን ለአንድ ሰው አድርጊልኝ” አለቻት።