ታገሡኝ

ድርቤን ሳል የጀመራት ሁለተኛ ልጇን በወለደች በዓመቱ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለች፤ ቀጥሎ የማድቤት ጭስ ነው አለች። ደም ስትተፋ ግን ባሏ ኢዶሳ ሌላ ምክንያት አላስጨመራትም፤ ቡና በጫነ መኪና ላይ አሳፍሮ ከዲጋ ነቀምት ሆስፒታል ወሰዳት። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሐኪሙ በየቀኑ የምትወጋው መርፌ አዘዘላትና ሁለት ወር ተወግታ እንድትመለስ ነገራት። በየቀኑ ነቀምት መመላለስ የሚቻል ነገር ስላልነበረ መድኃኒቷን ይዛ ዲጋ ተመለሰች፤ ድሬሰር ተድላ ዘንድ መወጋት ጀመረች።

ተድላን በዲጋ የማያውቀው የለም። በጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት ተምሮ የወጣ የሸዋ ሰው ነው። ገበያው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ቤት ክሊኒክ ከፍቶ፣ ኦሮምኛውን እንደ አገሬው እያቀላጠፈ፣ እናቶችን «ሃርሜ»፣ ሽማግሌዎችን «አባ» እያለ የስንቱን ልጅ ከወባ አፍ አውጥቷል። ድርቤም ክንዷን የሰጠችው አምናው ነው።

ወሩ ሳይሞላ ጆሮዋ ይጮህ ጀመር።

«ፌንጣ የገባበት ይመስለኛል» አለችው።

«መድኃኒቱ ሲሠራ ነው፤ ደስ ይበልሽ» አላት መርፌውን እያፈላ።

ዓርብ ዓርብ ነቀምት ወዳሉት ቤተሰቦቹ ስለሚሄድ፣ የቅዳሜንና የእሑድን ከዓርቡ ጋር አዳብሎ ይወጋት ነበር። ሰኞ ስትነሣ መሬቱ ከሥሯ ይዞርባታል፤ እየተንገዳገደች ስትሄድ ያዩዋት ሴቶች «ጠላ ጀመረች እንዴ?» ተባባሉባት። ሁለቱ ወር ሲያልቅ ሳሉ ለቀቃትና «እንግዲህ ሐኪሙ ዘንድ ልመለስ» ብትለው፣ «አሁን ካቆምሽው ይነሣብሻል፤ ከራሴ መድኃኒት እቀጥልልሻለሁ» አላት። ቀጠለላትም።

አንድ ቀን ጠዋት ስትነቃ ኢዶሳ ከአልጋው ጫፍ ቆሞ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሚያፌዝባት መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይዞ ሲወዘውዛት የአንገቱ ሥር ተገትሮ አየች። እየጮኸ ነበር፤ እሷ ግን ምንም አልሰማችም።

የነቀምቱ ሐኪም ጆሮዋን አይቶ፣ የተወጋችውን ጠይቆ፣ ለኢዶሳ እንዲህ አለው፦ «ጆሮዋ መጮህ ሲጀምር መርፌው መቆም ነበረበት። አሁን የሞተው አይነሣም።»

ድርቤ በዲጋ ገበያ ቅቤ ትነግድ ነበር። አሁን ደንበኛው በጣት እያሳየ ይገዛል፤ ከኋላዋ የሚሳቀውን ትከሻ ሲነቃነቅ አይታ ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሹክ ያለች እየመሰላት ትጮሃለች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከዚያ በኋላ መጸለይን ራሱ በልቧ ብቻ አደረገችው። ማታ ማታ የሕፃኗን እግርና የራሷን ክንድ በክር አያይዛ ትተኛለች፤ ልጅቱ አልቅሳ ስትንፈራገጥ ክሩ እንዲቀሰቅሳት። አንድ ሌሊት ክሩ ተበጥሶ ኖሮ፣ ጠዋት ልጅቱን ያገኘቻት ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳ፣ ትኩሳት አቃጥሏት ነው። ያን ዕለት ኢዶሳ ዱላውን አንሥቶ ወደ ክሊኒኩ ሊወርድ ሲል ኦቦ ኩማ ደረሱ።

ኦቦ ኩማ የቤተ ክርስቲያኑም የአገሩም ሽማግሌ ናቸው። ጥል ገብተው ያላበረዱት፣ ቃል ሰጥተው ያጠፉት የለም ይባልላቸዋል። በመስቀል ሰሞን ከኦዳው ዛፍ ሥር ሰው ሰበሰቡ። ተድላ እንደ አገሩ ወግ የይቅርታ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ መጣ፤ ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ፤ ሳላውቅ አጠፋሁ። ሽማግሌ የቆረጠውን ካሳ እከፍላለሁ» አለ።

ሲያለቅስ ድርቤ አይታዋለች፤ እንባው የውሸት አልነበረም። ለመያዣ የሚሆን አንዲት ጊደር ሰጠ፤ ሽማግሌዎቹ ካሳውን ቆረጡ፤ ቀሪውን የማሳውን ቡና ሲሸጥ እንዲከፍል ተስማሙ።

ቡናው ተሸጠ፤ ዋጋው ወደቀ አለ። ፋሲካ አለፈ፤ ሚስቴ ታመመች አለ። ምክንያቱን ይዞ ሁልጊዜ የሚሄደው ኦቦ ኩማ ዘንድ ነው፤ እሳቸውም መልእክቱን ይዘው ወደ ድርቤ ቤት ይመጣሉ። «ናፍ ኦብሳ» ብሏል፣ ታገሡኝ ብሏል ይሏታል። ከሰው ከንፈር ላይ አንብባ ለመረዳት የቻለችው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

እንዲህ እየተባለ፣ ድርቤ ፍርድ ቤት ልሂድ ባለች ቁጥርም ሽማግሌው እየያዟት፣ ሁለተኛው መስቀል፣ ሦስተኛውም መስቀል አለፈ። በኅዳር ተድላ ሽማግሌው ዘንድ መምጣቱን አቆመ። ኢዶሳ ከክሊኒኩ ደጅ ጠብቆ ሲይዘው፣ «ነቀምት ጠበቃ ይዣለሁ፤ ካሻችሁ በሕግ ጠይቁኝ» አለው።

በማግስቱ ባልና ሚስት ነቀምት ወረዱ። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ወልደዮሐንስ የሚሉት ሰው ነገራቸውን ሰምቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጆሮዋ ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል» አለ ኢዶሳ።

«የት ነበራችሁ? ጃንሆይ ያወጡት አዲሱ ሕግ ለእንዲህ ያለ ጉዳት የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ይርጋ ያግደዋል።»

«ሽማግሌ ይዞን ነበራ!»

ወልደዮሐንስ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ መንገድ አለ። ጥፋቱን አምኖ፣ ዕዳዬ ነው ብሎ ከሆነ፣ ዘመኑ ካመነበት ቀን እንደገና ይቆጠራል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሲያምን የሰማ ሰው አላችሁ?»

ያላቸው ኦቦ ኩማ ብቻ ነበሩ።

ሽማግሌው መጀመሪያ እምቢ አሉ። በሣር ላይ የተነገረ ቃል ችሎት አይገባም፤ እኔ ዛሬ ካወጣሁት ነገ ማን ከዛፉ ሥር ተንበርክኮ አጠፋሁ ይላል? አሉ። ኢዶሳ ይህን በእጁና በከንፈሩ እያስረዳ ለድርቤ ሲነግራት፣ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ያኔ ኢዶሳ ሊመታው ሲል የያዝከው አንተ ነህ» አለች፤ አንቱታውን በንዴት ዘነጋችው። ድምፅዋ ምን ያህል እንደነበር አታውቅም፤ ጎረቤት ግን ከደጅ ተሰብስቦ ነበር። «ፍርድ ቤት ልሂድ ስል የያዝከኝም አንተ ነህ። ከያዝከኝ ቦታ መልሰኝ።»

ኦቦ ኩማ ተነሥተው ኩታቸውን ለበሱ። «እሄዳለሁ» አሉ።

በቀጠሮው ቀን መንገድ ላይ ኢዶሳ ጠጋ ብሎ፣ «ኦቦ ኩማ፣ አምና ነው ያመነው ቢሉ ምን አለበት? ማመኑ እንደሆነ እውነት ነው» አላቸው። ሽማግሌው የመኪናውን ብረት ይዘው ውጭ ውጭውን አዩ።

ችሎቱ በአማርኛ ነው። ኦቦ ኩማ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ አስተርጓሚው ይመልሳል፣ ዳኛው ይጠይቃል። ድርቤ ከኢዶሳ ጎን ተቀምጣ ከአፍ ወደ አፍ ዓይኗን ታመላልሳለች።

ተከሳሹ ጥፋቱን አምኗል ወይ? አምኗል፤ ሣር ይዞ፣ በእኔ ፊት። የተድላ ጠበቃ ተነሣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ መቼ?

ኦቦ ኩማ ዞረው ኢዶሳን አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዳኛው መለሱ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት በመስቀል። ሁለት ዓመት ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል» አሉ።

ኢዶሳ ዓይኑን ጨፈነ።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ራሱ ጠየቃቸው። «አባቴ፣ ከዚያ ወዲህስ? ካሳ አለብኝ፣ እከፍላለሁ ብሎዎታል?»

«እየመጣ ናፍ ኦብሳ ይለኝ ነበር።»

«ታገሡኝ ይለኝ ነበር ብለዋል» አለ አስተርጓሚው።

«አለብኝ የሚል ቃልስ ወጥቶታል?»

«እሱ ያለው ቃል ያ ነው። ያላለውን አልጨምርም።»

ጠበቃው ተነሣ። «ታገሡኝ ማለት አለብኝ ማለት አይደለም። ሰው የአገር ሽማግሌ አክብሮም ታገሡኝ ይላል።» ዳኛው እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር ቆየና ጻፈ። ክሱ በይርጋ ታግዷል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።

ድርቤ ነገሩን የተረዳችው ተድላን አይታ ነው። ከመቀመጫው ሲነሣ ደስ ያለው ሰው አይመስልም ነበር፤ ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። ደጅ ሲደርስ በአጠገቧ ቆም ብሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ፊቷን አዞረችበት። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አታውቅም።

በሳምንቱ ኦቦ ኩማ ብቻቸውን መጡ። በቀስታ፣ ከንፈራቸውን ግልጽ አድርገው፣ «ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ መዋሸት ነበረብኝ?» አሏት።

ድርቤ ቅቤ እየናጠች ነበር፤ ቅሉን አቆመችው።

«አላውቅም» አለች። «እኔ ብሆን እዋሽ ነበር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦዳው ሥር ሲጠሩ፣ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። እሷም በልቧ እያዘነችላቸው መሆኑ ታወቃት፤ በዚህም ተናደደች።

የተድላ ክሊኒክ አልተዘጋም። በዲጋ ሌላ የለም። በጥር መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት የገጠር ሴት የምትስል ልጇን ታቅፋ ወደዚያ ስትገባ ድርቤ ቅቤዋን ትታ ተነሣችና ክንዷን ያዘቻት።

«ጆሮዋ ሲጮህ አቁሚ» አለቻት። «ጮኸ ስትልሽ ያን ቀን አቁሚና ነቀምት ውሰጃት።»

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ወደ ሰው ዞር ዞር አለች። እብድ የያዛት ሳይመስላት አልቀረም። ተድላ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ቆሞ አያቸው፤ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሴትዮዋ ክንዷን አስለቅቃ ተከትላው ገባች፤ ልጅ ታሞባት ወዴት ትሂድ?

ድርቤ ከደጁ አልተነሣችም። ሲወጡ የልጅቱ ክንድ በጥጥ ተይዟል። እናትዮዋን ስንት ጊዜ ተመላለሺ አለሽ ስትል በእጇ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሁለት ጣቷን አሳየቻትና፣ ወር መሆኑን ልትነግራት ሰማይ ላይ ጨረቃ እንደሚያሳይ ሰው እጇን ወደ ላይ አነሣች።

ድርቤ በየሰሞኑ ሄዳ ልጅቱን ለማየት፣ የሴትዮዋን ስም፣ ያረፈችበትን ጎጆና የመጣችበትን መንደር ጠየቀቻት። መልሱ አልተሰማትም። ሦስት ጊዜ አስደጋገመቻት፣ ከከንፈሯ ላይ አንብባ እስኪገባት ድረስ።