ያልነበሩ ቄሶች

የጳጳሱ ቤተ መንግሥት የላተራን አዳራሽ በጠዋቱ የዓሣ ጥብስ ይሸታል። አዲሱ ጳጳስ ቁርሱን ሳያቋርጥ ነው ክህነት የሚያድለው። አባ ካሎሌዮ ከአርባ ቄሶች ጋር ተሰልፎ ይጠብቃል።

ሮማ ላይ ጳጳስ የሚመርጠው መንፈስ ቅዱስ ነው ይባላል፤ በዚህ ዘመን ግን መንፈስ ቅዱስም የከተማዋን ወታደር የምታዝዘውን እመቤት ሮጋታን ሳያስፈቅድ ዝር የሚል አይመስልም። ባለፈው ገና ሴትዮዋ ወታደር ልካ ሽማግሌውን ጳጳስ ኡርሶን ከመንበሩ አስጎተተችና ዓይኑን አስወጥታ ወኅኒ ጣለችው። በቦታው ፈረስ ያረባ የነበረውን ወንድሟን አስቀመጠች። ኡርሶ ግን ከወኅኒ አመለጠ፤ እሷም እንቅልፍ አጣች።

ያስመለጠው የወኅኒው በረኛ ማሮ ነበር። ማሮ ሲሞት ያናዘዘው ካሎሌዮ ነው። የሮጋታ ሰዎች ሁለቴ መጥተው ምን እንደነገረው ጠይቀውታል፤ ሁለቴም «የንስሐ ነገር ነው፤ እኔ ቄስ ነኝ» ብሎ መልሷቸዋል። እነዚያ አረመኔዎች እንኳ ይህን ሲሰሙ አማትበው ሄደዋል።

አሁን ደግሞ አዋጅ ወጣ። ከኡርሶ እጅ ክህነት የተቀበለ ሁሉ ቄስ ሆኖ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያኑን ማጣት የማይፈልግ «አልነበርኩም» ይበልና እንደ አዲስ ይቀባ ተባለ።

«ፊትህን አታጨማደው እንጂ፤ ዛሬኮ ሙሽራ ነህ!» አለው ከኋላው የቆመው ወዳጁ አባ ሳክሶ።

«ይቀፈኛል እኮ። ያቆረብናቸው፣ ፈትተን የቀበርናቸውስ?»

«የሞተ ሰው ተነስቶ አይከስህም፣ አንተ ሰው! ቅባት ቅባት ነው። ተቀባና ቤትህ ግባ።»

ካሎሌዮ ተጠራ። ጳጳሱ ጣቱን በመሠዊያው ጨርቅ ጠራረገና አገሳ። ሊቀ ዲያቆኑ ዴሜጥሮስ ከጎኑ ቆሞ ጠየቀ።

«እስከ ዛሬ ቄስ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

ቃሉ እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ መውጣቱ ራሱን አስጠላው። የሃያ ዓመት አገልግሎቱን በአንድ ትንፋሽ ተፋው።

«ጎሽ» አለ ሊቀ ዲያቆኑ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «እንግዲህ ማሮ የነገረው ለተራ ሰው ነው። ተራ ሰው ደግሞ የንስሐ ምስጢር አይይዘውም። ሽማግሌው የት ነው?»

ካሎሌዮ ገባው። አዋጁም፣ ሰልፉም፣ የስንቱ ሙት ኑዛዜ ከንቱ መባሉም ለዚህች አንዲት ጥያቄ ነበር። 

«ይኼ ሁሉ ለዚህ ነው?»

«ለምን መስሎህ ነበር? ለነፍስህ?»

ጳጳሱ አፉ በዓሣ እንደተሞላ ከት ብሎ ሳቀ።

«ነበርኩ» አለ ካሎሌዮ።

«ምን?»

«ቄስ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ቅድም የዋሸሁት ደብሬን እንዳላጣ ብዬ ነው። ደብሩን ውሰዱት።»

ወታደሮች ካባውን ገፈው ወደ በሩ ገፈተሩት። ሊቀ ዲያቆኑ ግን አልተቆጣም፤ አልዛተበትም፤ «ቀጣይ!» ብቻ አለ። ካሎሌዮ ይህ ግር ቢለውም ልቡ ቀለል ብሎት ነበር። ደብር የለውም፣ እንጀራ የለውም፣ ሽማግሌው ግን ከእጃቸው ተርፏል።

በሩ ጋ ሲደርስ ሳክሶ ሲጠየቅ ሰማ።

«ቄስ ነበርክ?»

«ኧረ አልነበርኩም፣ ጌታዬ።»

«የካሎሌዮ ንስሐ አባት አንተ ነህ አሉ?»

«ነኝ… ማለቴ፣ አልነበርኩም።»

ካሎሌዮ በሩ ላይ ቆመ። በዐቢይ ጾም ሳክሶ ፊት ተንበርክኮ አልቅሷል። ለዕውሩ ሽማግሌ ዳቦ ያመላልስ እንደነበር፣ ከዚያ ፈርቶ እንደተወው፣ በረሃብ ይሙት ብሎ እንደጨከነበት ተናዟል። የራሱ ኃጢአት ነበርና አንዳች አልሸሸገም፤ ሽማግሌው የተደበቀበትን ገዳም ስም እንኳ።

«ሳክሶ!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ወታደር አፉን በመዳፉ ከደነው።

ሳክሶ አንዴ ዞሮ አየው፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ የሚቀባውን እጁን አስቀድሞ ዘርግቶ፣ ወደ ሊቀ ዲያቆኑ ጆሮ ጠጋ አለ።