የኦሪሺያ ንቦችና የኔስቶር ሂተር

ኦሪሺያ በመከር ስታርፍ ለባሏ ለኔስቶር የተወችለት ነገር ቢኖር ንቦቿን ነው። ልጅ አልወለዱም። የሰሜኑ አገር የማኒቶባ ብርድ ሲጀምር ኔስቶር ቀፎዎቹን እንደ ልማዷ ጨለማው መጋዘን አስገብቶ ደረደራቸው። መጋዘኑ አራት ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ሲበርድ መንጋው ይጨራመታል፤ ሲሞቅ ደግሞ ጸደይ የመጣ መስሎት ከቀፎው ይወጣና በጨለማው ወድቆ ይቀራል።

ኦሪሺያ በሩ ላይ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ድምፃቸውን እየሰማች ሂተሩን ራሷ ታበራ ታጠፋ ነበር። ኔስቶር ያ ጆሮ የለውም። ያለው መበየጃና ከአሮጌ መጽሔት የቀደደው ንድፍ ነው። ምስር የምታክል ሙቀት የምትለካ ዶቃ፤ ዶቃዋ ያለችውን ከተፈለገው ልክ ጋር የምታስተያይ ቺፕ፤ ከዚያ የሂተሩን መብራት በብረት ጥርሶቿ የምታገናኝና የምትቆርጥ ሪሌ። ሥራው ቀላል ነበር። ሬዚስተር የምትባለዋን አንዲት ትንሽ ዕቃ ግን ዓይኑ አልወደዳትም፤ ሂተሩ በሚበራበትና በሚጠፋበት ሙቀት መካከል የሁለት ዲግሪ ክፍተት የምታበጀዋን።

«ለኦሪሺያ ንብ ግማሽ ዲግሪም አልለቅም» አለና ነቅሎ ጣላት።

ከልደት በዓል በፊት የኦሪሺያ ታላቅ እህት ስላውካ ለዋዜማው ንፍሮ ስንዴ ይዛ መጣች። መጋዘኑ በር ላይ ቆም ብላ አዳመጠች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ግንደ ቆርቁር አስገባህ እንዴ?»

«ሪሌዋ ናት፣ እህትዓለም። እየጠበቀቻቸው ነው።»

«እኔን እንዲህ የሚጠብቀኝ ባል ቢኖር፣ በማግስቱ ነበር ጥዬው የምጠፋ!»

«አንቺን ማን ደፍሮ ይጠብቅሻል?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። «እሷም እኮ… ታማ ሳለች አንተ ትራሷን ስታቃና፣ ብርድ ልብሷን ስትስብ ስትመልስ፣ ‹ስላውካ፣ ትንሽ ይተወኝ በይው› ትለኝ ነበር።»

ኔስቶር የመጋዘኑን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው።

በልደት ዋዜማ ጠዋት ቀጭታው አልተሰማም። «ተመስገን፣ ሙቀቱ ረጋ» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የመጋዘኑን በር ሲከፍት የበጋ ወበቅ ፊቱን መታው።

ወለሉ በንብ ሬሳ ተሸፍኗል። በረገጠ ቁጥር ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሂተሩ ፍም መስሏል። መብራቱን ነቅሎ ሪሌዋን ፈታት፤ ያለ ዕረፍት ሲጋጩ የከረሙት ጥርሶቿ በብልጭታ ቀልጠው እንደተገናኙ ተጣብቀዋል። የሁለት ዲግሪዋ ክፍተት ለካ ለዚህ ኖሯል የተበጀችው፤ ጥርሶቹ እንዲያርፉ።

ስላውካ የዋዜማው እራት የሚጀመርባት የመጀመሪያዋ ኮከብ መውጣቷን ልትነግረው መጥታ ወለሉን አየች።

«ተናገሪ እንጂ» አላት።

«ምን እላለሁ? ሳስተህላት ነው።»

በየዓመቱ በዚያ ምሽት የጌታን መወለድ ለንቦች መንገር በቤታቸው የኦሪሺያ ሥራ ነበር። ኔስቶር ከዳር ካለው ቀፎ ጀመረ። አንኳኳ። «ተወልዷል» አለ። ዝም። ወደሚቀጥለው አለፈ። ዝም ላሉትም ሁሉ ነገራቸው። ከጥጉ ቀፎ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆየ፤ የሕመምተኛ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ከውስጥ መጣ።

የጣላትን ሬዚስተር ከጠረጴዛው ሥር ፈልጎ በየዳት፤ ሌላ ሪሌም ተካ። መጋዘኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ሂተሩ አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ በራ፤ ቆይቶ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ጸጥ አለ። ብርዱ በበሩ ሥር ገባ። የኔስቶር እጅ ወደ ማብሪያው ሄደ።

«ሪሌዋ አሁንም ዝም ብላለች» አለ።

«ተዋት» አለችው ስላውካ።

እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።